የጋሼ ፍሬን ቀኝ እግር

መኪና መንዳት ያስተማሩኝ ሰው መዝገብ ላይ ሌላ ስም አላቸው፤ እኛ ተማሪዎቻቸው ግን ጋሼ ፍሬን ነበር የምንላቸው። በፊታቸው ሳይሆን ከኋላቸው። ስሙን እንደሚያውቁት እናውቅ ነበር፤ እሳቸውም ማወቃችንን ያውቁ ነበር፤ ነገሩ በዚሁ ተዳፍኖ ለዓመታት ኖረ።

የለማጅ መኪና በአስተማሪው በኩል አንድ ትርፍ ፍሬን አለው። ጋሼ ፍሬን ከሃያ ዓመት በላይ ቀኝ እግራቸውን እዚያ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሌላው ይነዳል፣ እሳቸው ያቆማሉ። በድምፅ የሚቆጡ ሰው አይደሉም። ተማሪው ሲያጠፋ መኪናው ቀስ ብሎ ይቆማል፣ እሳቸው ደግሞ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ «እና አሁን ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ጥያቄ ስድብ ይሻል ነበር።

ከጊዜ ብዛት እግሩ በራሱ ማሰብ ጀመረ። ቤታቸው ሶፋ ላይ ሆነው ቴሌቪዥን ሲያዩ መኪና በፍጥነት ከታጠፈ ምንጣፉን ይረግጣሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት አማታቸው ሻይ ሲቀዱ፣ ብርጭቆው ሊሞላ ሲል ይረግጣሉ። ባለቤታቸው የጥርስ ሐኪም ረዳት ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት የማይችል ሰው ሲያዋሩ ስለሚውሉ፣ ቤትም ገብተው መልስ ሳይጠብቁ መቀጠል ልማዳቸው ነው። የሚስታቸው ወሬ ፈጠን ሲል ጋሼ ፍሬን ከጠረጴዛው ሥር ይረግጣሉ። ወሬው ቆሞ አያውቅም፤ እግሩ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ልብስ ሰፊያቸው የቀኙን የሱሪ እግር ባት ላይ ሰፋ አድርጎ ነው የሚሰፋላቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም።

ሃምሳን አለፍ እንዳሉ፣ አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ስለነበር፣ ጋሼ ፍሬን ከአማታቸው ጋር በእግር ገበያ ወጡ። አማታቸው ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ቀሚሳቸው የሚከተላቸው የማይመስል ሴትዮ ናቸው። ሲመለሱ አስፋልቱን የሚያሻግረውን የእግረኛ ድልድይ መውጣት ነበረባቸው። ጋሼ ፍሬን ደረጃውን እስከ ግማሽ ወጡና ቆሙ። የብረቱን መደገፊያ ያዙ። ትንፋሽ አጥሯቸው እንዳይባል ወደ ታች ዘንበል ብለው የሚያልፉትን መኪኖች በጥሞና መመልከት ጀመሩ። አማታቸው ቀድመው ጫፍ ላይ ደርሰው፣ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው፣ አንድ ብርቱካን ልጠው፣ ቀስ ብለው በሉ። ጋሼ ፍሬን ሲደርሱ የቀረችውን አንዷን ክፍል ሰጧቸውና ጉዞው ቀጠለ። ምንም አላሉም። ያሉት ራት ላይ ነው።

«ባልሽ ሥራውን ይወዳል» አሉ ለልጃቸው። «ደረጃ ላይ ሆኖ እንኳ መኪና ይቆጣጠራል።»

ባለቤታቸው እስኪያንቃቸው ሳቁ። ጋሼ ፍሬንም ሳቁ። ሲስቁ ግን ትንፋሽ አጠራቸው፤ የቆረቆራቸው ይኼኛው ነው። ደረጃስ ደረጃ ነው፤ ተቀምጦ ለመሳቅ አቅም ማጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ሥራ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ቆየት ብሎ መንገዱ ሰው የማይበዛበት ቦታ ላይ ትንሽ ይሮጣሉ፤ ሰው ብቅ ሲል ሰዓታቸውን አይተው የረፈደባቸው መስለው ያልፋሉ። ወራት ሲያልፉ ማስመሰሉን ተዉት። በዚያ ሰሞን ነው የማሰልጠኛውን መኪኖች የሚጠግነው መካኒክ አንድ ጠዋት ላብ በላብ ሆነው ጋራዡን ሲያቋርጡ ያያቸው። መካኒኩ ወሬ የማያበዛ፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ነው፤ እኛ ሲጋራ ያከሳው ይመስለን ነበር። ከጎማ ክምር ጀርባ አንድ አሮጌ ብስክሌት ጎትቶ አወጣ፤ ሰንሰለት ገጠመለት፤ ይውሰዱት አላቸው። እሱ አሁን ሌላ አለው። ለምን ሌላ እንዳስፈለገው ሲጠይቁት ነው ነገሩ የመጣው።

ትራያትሎን ይባላል አላቸው። መጀመሪያ ዋና፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ። አጭርም ረጅምም አለው፤ እሱ ረጅሙን ጨርሶ ያውቃል። ሐይቅ ውስጥ ሁለት ዙር፣ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በብስክሌት፣ ማሳረጊያው ሙሉ ማራቶን። ጋሼ ፍሬን ሦስቱ በተለያየ ሳምንት የሚደረጉ መስሏቸው ነበር። በአንድ ቀን ነው፣ ሳይቋረጥ ነው ሲላቸው ሰዓታቸውን አዩ።

«የምሳ ሰዓት የለውም?»

«እየነዱ ነው የሚበላው።»

«እየነዱ መብላት ክልክል ነው» አሉ ጋሼ ፍሬን። ቀልዳቸውን አልነበረም።

መካኒኩ ሳቀና መከራቸው። በእርስዎ ዕድሜ ከአጭሩ መጀመር ነው፣ ዋናም አይችሉም፣ ረጅሙን ይተዉት። ምክሩ ከደግ ልብ ነው። ጋሼ ፍሬን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙ ወደ ታች አዩ። ቀኝ እግራቸው በዘይት የጠቆረውን የጋራዥ ወለል ጨቁኖ ይዟል። ማንን ለማቆም? መኪና የለም፤ የሚታጠፍ የለም፤ የሚፈስ ሻይ የለም። የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር የራሳቸው ሐሳብ ብቻ ነበር። እግራቸውን አነሱት። በዚያው ሳምንት ለሚቀጥለው ዓመት ረጅም ውድድር ተመዘገቡ።

ማታ ለባለቤታቸው ሲነግሩ፣ ባለቤታቸው ሰሐን እያጠቡ ስለ አንድ ታካሚ መንጋጋ እያወሩ ነበር፤ ወሬያቸውን ጨርሰው፣ ሰሐኑንም ጨርሰው፣ መብራት ሊያጠፉ ሲሉ ዞር ብለው «ምን አልክ?» አሏቸው።

የሕዝብ መዋኛ ገንዳው ከማሰልጠኛው ብዙም አይርቅም። ጠዋት ጠዋት ጀማሪዎችን የምታስተምር ወጣት ሴት አለች። ጋሼ ፍሬን በዋና ልብስና በፎጣ ተጠቅልለው ብቅ ሲሉ፣ ሴትዮዋ አፏ ውስጥ የነበረው ፊሽካ ወደቀ። ተማሪያቸው ናት። የመንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና ደጋግማ ወድቃ፣ ከሥራ በኋላ እሳቸው ዘንድ እንደገና ከዜሮ የጀመረች። ሌሎቻችን ዋናተኛዋ እንላት ነበር።

ክፍሉ የሕፃናት ነው። ለሁሉም ቢጫ የፕላስቲክ ቆብ ይታደላል፤ ለጋሼ ፍሬንም ደረሳቸው። ከተማሪዎቹ ሁሉ ጢም የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልጆቹ እንደ እንቁራሪት እየዘለሉ ሲገቡ፣ ጋሼ ፍሬን በመሰላሉ ቀስ ብለው ወርደው የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያላቅቃቸው።

መኪና ውስጥ ለዋናተኛዋ ዘወትር የሚነግሯት አንድ ነገር ነበር። መሪውን አንቀሽ አትያዢው፤ አይሸሽሽም። ዋናተኛዋ ያን ጠዋት መጥታ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ» አለች፣ «ጠርዙን አንቀው አይያዙት። አይሸሽዎትም።»

ቀና ብለው አዩዋት። ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት የለም። ለቀቁ። ሰመጡ። ውሃ በአፍንጫቸው ገብቶ እያስነጠሱ ወጡና እንደገና ያዙ። አሁንም ትሕትናዋ ሳይጓደል፣ እባክዎ ይልቀቁ፣ እባክዎ ይተንፍሱ፣ እባክዎ እኔን አይምቱኝ እያለች ስታለማምዳቸው ከረመች። ጋሼ ፍሬን በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሊሰጥሙ ሲሉ በአንቱታ መመከር ነገሩን ያከብደዋል።

መንሳፈፍ ለመዱ። መተንፈስ ለመዱ። እጃቸውም ደህና ነበር። ችግሩ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ከዚህ ግድግዳ ተነስተው ወደዚያኛው ይዋኛሉ፣ ይዋኛሉ፣ ቀና ሲሉ የተነሱበት ግድግዳ ፊታቸው ነው። ልጆቹ አደባባይ የሚል ስም አወጡላቸው። ዋናተኛዋ በመንሳፈፊያ ሰሌዳ ሞከረች፣ እንደ ዳክዬ እግር በሰፋ የጎማ ጫማ ሞከረች፣ ውሃ ውስጥ ገብታ ሥር ሥራቸው እየዋኘች ተመለከተች። በመጨረሻ አንድ ቀን ልጆቹ ሄደው ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ልናገር ወይ ብላ አስፈቀደች።

«ውሃ ውስጥ ፍሬን ይይዛሉ፣ ጋሼ። ግራ እግርዎ ይዋኛል፣ ቀኙ ይረግጣል። ለዚህ ነው የሚዞሩት።» ከጀመርኩ ልጨርሰው ብላ ቀጠለች። «መኪናም ውስጥ እንዲሁ ነው። እኔ ልይዝ ስል እርስዎ ቀድመው ይዘውታል። እኔ እኮ ፍሬን ይዤ አላውቅም። ፈተና ላይ ፈታኙ አይረግጥልኝ፤ መስመሩን አልፌው እሄዳለሁ። ሁልጊዜ የምወድቀው እዚያችው ላይ ነው።»

ጋሼ ፍሬን ከውሃው ወጡ። ቢጫ ቆባቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ዓመታት ሙሉ ያኮራቸው እግር ነው። ስንት ሰው ከመገጨት አድኗል። በማግስቱ ገንዳ አልመጡም። ከሰዓት በኋላም የእሷን ትምህርት መኪናዋ ታማለች ብለው ሰረዙት፤ መኪናዋ ግን ሌላ ተፈታኝ ይዛ ስትዞር ሁላችንም አይተናታል።

ከዋናተኛዋ ጋር ተኮራርፈው በቆዩበት በአንዱ ቀን ቁርስ ላይ አማታቸው ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆው ሊሞላ ደረሰና እግራቸው ረገጠ። ጋሼ ፍሬን ይኼን ጊዜ አስተዋሉ። አማታቸው ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረጉ፤ ሻዩ ከብርጭቆው ከንፈር በታች ቆመ። ሴትዮዋ ይኼን ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረዋል፤ አንድም ቀን አላፈሰሱም፤ አንድም ቀን ደግሞ የጋሼ ፍሬን እግር አላገዛቸውም። ጋሼ ፍሬን ሻያቸውን ሳይጠጡ ተነሱ።

ከሰዓት በኋላ ዋናተኛዋን አስጠሯት። በማሰልጠኛው ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ለልምምድ መስመር በተቀባበት ቦታ፣ መኪናዋን አቁመው ጠበቋት። ስትገባ ቀኝ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወንበሩ ላይ አጣጥፈው ከሥራቸው አድርገዋል።

«የእኔ ፍሬን ተበላሽቷል» አሉ። «ያለው ያንቺው ብቻ ነው። ንጂ።»

ዋናተኛዋ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ጠፋባት። እንደገና አስነሳች። መጀመሪያ መስመር ላይ ስትደርስ እንዲህ አድርጋ ስትረግጠው የጋሼ ፍሬን መነጽር ከአፍንጫቸው ተነስቶ መስታወቱ ሥር ሄዶ ወደቀ። ሁለተኛው ላይ እጃቸውን አስቀድመው መነጽራቸውን ያዙ። እኛ ተራ የምንጠብቀው ከአጥሩ ሥር ቆመን፣ መኪናዋ እንደ ዶሮ አንገቷን እየሰበቀች ስትሄድ፣ ጋሼ ፍሬን ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ላባቸው ሲወርድ እያየን ነበር። ማንም አልሳቀም፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ እንደ ደህና ሊፍት ቀስ ብላ መቆም ጀመረች።

እግሩ በመኪና ውስጥ የተማረውን በውሃ ውስጥ ረሳው ልበል ወይስ አስታወሰው፣ አላውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ በአንዱ ጠዋት ጋሼ ፍሬን ሲዋኙ ከቆዩ በኋላ ጭንቅላታቸው ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ወዲያኛው ግድግዳ ነው። ደርሰውበት ስለማያውቁ ቀና ብሎ ማየት እንዳለባቸው አላወቁም ነበር። ግንባራቸው ላይ የወጣውን እብጠት ለሁለት ቀን እንደ ሽልማት ይዘውት ዞሩ። ዋናተኛዋም በዚያው ወቅት ፈተናዋን አለፈች።

ብስክሌቱ ሌላ ታሪክ ነው። ከመካኒኩና ከጓደኞቹ ጋር እሁድ እሁድ ጠዋት ይወጡ ነበር፤ ግን አብረው አይቆዩም። ጋሼ ፍሬን ወፍ እንኳ በማይንቀሳቀስበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ከበራ ይቆማሉ። ሊታጠፉ ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ፤ ለማን እንደሚያሳዩ ቢጠየቁ፣ ልማድ ሰው አይጠብቅም ይላሉ። መካኒኩ ከፊት ሄዶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሲመለስ ያገኛቸዋል። እያየናቸው የጠነከሩት ግን እንዲህ ቀስ እያሉ ነው። ሆዳቸው ገባ፤ ግራ ባታቸው ቀኙን ሊያክል ምንም አልቀረውም። ባለቤታቸው ቤት ውስጥ የሚንጠለጠለው እርጥብ ልብስ ብዛት የጎርፍ አደጋ የደረሰ አስመስሎታል እያሉ ለታካሚዎቻቸው ያወሩ ነበር።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ሐይቁ ያለበት ከተማ ሩቅ ስላልሆነ ብዙዎቻችን ሄድን። ጋሼ ፍሬንን፣ ባለቤታቸውንና አማታቸውን ዋናተኛዋ በወንድሟ መኪና አደረሰቻቸው። ንጋት ላይ ውሃው ዳር ብዙ መቶ ሰው ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሶ ቆሟል። የመነሻው ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ተንጋግቶ ገባ። ጋሼ ፍሬን ቆመው ቅድሚያ ሰጡ። የመጨረሻው ሰው እስኪገባ ሰጡ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ገቡ።

ከዳር ሆነን የምናየው ትንንሽ ቆብ ብቻ ስለነበር፣ መሃል ላይ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ሊቀድማቸው የመጣ አንድ ተወዳዳሪ ሳያስበው ፊታቸውን በተረከዙ መታቸው። የዋና መነጽራቸው ውሃ ሞላ። ዓይናቸው ሲጨልም ልባቸውም ጨለመ፤ የተማሩት ሁሉ ጠፋቸው። ጥበቃ ላይ የነበረች ትንሽ ጀልባ ቀርባ ጫፏን አስያዘቻቸው። መያዝ ይቻላል፣ ጀልባዋ ወደፊት እስካልጎተተቻችሁ ድረስ ደንቡ ይፈቅዳል። በሁለት እጃቸው አንቀው ያዙ። ጀልባዋ ላይ የነበረው ሰው ሊያወጣቸው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ጋሼ ፍሬን እጃቸውን አዩት። ጣታቸው ነጭ ሆኗል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ውሃውን ደፍተው፣ መልሰው አጠለቁና ለሰውየው አይሸሽም አሉት። ሰውየው ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም። ለቀቁ።

ከውሃው ሲወጡ ከኋላቸው የቀረ ብዙ ሰው አልነበረም። ዋናተኛዋ ግን ሐይቁ ዳር እየዘለለች አለቀሰች። ቀጥ ብለው ነው የመጡት።

ብስክሌቱ ላይ ደህና ሄዱ፤ እስከ ምሳ ሰዓት። ሌላው ሁሉ ከኪሱ እያወጣ እየነዳ ያኝካል። ጋሼ ፍሬን አልቻሉም። ኮረብታውን ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ፤ ወደ ዳር ወጡ፤ ብስክሌቱን በሥርዓት አቆሙ፤ ሣሩ ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ድንችና ዳቦ አወጡ። የውድድሩ ተቆጣጣሪ በሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣ። ተጎዱ ወይ አላቸው። ምሳ ላይ ነኝ አሉ። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አያቸው፤ ደንቡ ውስጥ የሚከለክል ነገር አላገኘም መሰለኝ፣ መልካም ምግብ ብሎ ሄደ። በዚያች ምሳ ያጡትን ጊዜ ግን ሩጫው ላይ ከፈሉት። ለሁሉም ነገር የሰዓት ገደብ አለው፤ ብስክሌቱን አስረክበው መሮጥ ሲጀምሩ የቀረው ጊዜ ቢበቃም የሚተርፍ አልነበረም።

ሩጫው ከሐይቁ ዳር እየተነሳ በከተማው ዋና መንገድ እየዞረ የሚመለስ ነው። ተማሪዎቻቸው፣ እኔም ጭምር፣ በመንገዱ ላይ ተበታትነን ቆመን ነበር። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ብቻ ሲያልፉ አንዱ «ማርሽ ይቀንሱ፣ ዳገት ነው» አላቸው። ወዲያ ያለው «ርቀትዎን ይጠብቁ» አለ። አንዲት የልጆች እናት የሆነች የድሮ ተማሪያቸው «ስፖኪዮ ይመልከቱ» ስትላቸው እውነትም ዞር ብለው አዩ። ጋሼ ፍሬን መጀመሪያ ሳቁ። በሁለተኛው ዙር ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላዩም። ፊታቸው ላይ የነበረው ላብ ደርቆ ጨው ሆኖ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አንድ ዙር ሲቀራቸው፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ከማዶ ነበርኩ። የተቀመጡት ለማረፍ እንዳልሆነ አስታወቀኝ፤ ሰው ለማረፍ ሲቀመጥ ጫማውን አይፈታም። ባለቤታቸው ደርሰው አጠገባቸው ተቀመጡ። እሳቸውን የሚያውቅ ሁሉ አሁን ወሬው ይጀመራል ብሎ ጠበቀ። ባለቤታቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«መጨረስ ትፈልጋለህ?»

ጠየቁና ዝም አሉ። ለብዙ ዓመት በትዳር ኖረው ባለቤታቸው መልስ ሲጠብቁ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሰው አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ባለቤታቸው አሁንም ይጠብቃሉ። ጋሼ ፍሬን መልሱን ከራሳቸው ውስጥ ፈልገው ማምጣት ነበረባቸው።

«እፈልጋለሁ» አሉ። «እግሬ ነው የማይፈልገው።»

«እንግዲያው ተነስ» አሉ ባለቤታቸው፤ ጋሼ ፍሬን የተቀመጡበትን ጠርዝ በጣታቸው አሳዩዋቸው። ቢጫ ተቀብቷል። «እዚህ መቆም ክልክል ነው።»

ጋሼ ፍሬን ቀለሙን አይተው ደነገጡ፤ ከልባቸው ነው የደነገጡት። ጫማቸውን አሰሩ። ብድግ አሉ፤ ባለቤታቸውም ከአጥሩ ወዲህ ሆነው ጎን ለጎን እየተራመዱ ወሬያቸውን ጀመሩ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቤቱ መጋረጃ። ጋሼ ፍሬን ያን ወሬ እንደ ገመድ ይዘው መጀመሪያ ሄዱ፣ ከዚያ ሮጡ፤ መንገዱ ከባለቤታቸው እስከሚለያቸው ድረስ።

ሲገቡ መብራት በርቷል። መካኒኩ ቀድሞ ጨርሶ፣ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሟል። ድምፅ ማጉያው አወጀላቸው፣ ሰው አጨበጨበ፣ ጋሼ ፍሬን መስመሩን አለፉ፤ አለፉና መቆም አቃታቸው። እግራቸው ዝም ብሎ ሄደ። አስተባባሪዎቹን አለፈ፣ የውሃውን ጠረጴዛ አለፈ፣ ፎቶ አንሺውን ገፍቶ አለፈ። መካኒኩ ሮጦ ከኋላ ወገባቸውን ይዞ አቆማቸው። ፊታቸውን ሲያዞሩ ተንጋግተን የምንመጣውን እኛን አዩ። እያለቀሱ ነበር፤ እያለቀሱም ይስቃሉ፤ ትንፋሻቸው ደግሞ አልተቆረጠም።

በሳምንቱ እሁድ ምሳ ጋብዘውኝ ቤታቸው ሄድኩ። ዋናተኛዋም ነበረች። ጋሼ ፍሬን ከወንበር ሲነሱ ጠረጴዛውን ተደግፈው ነው፤ ሲቀመጡም እንደዚያው። አማታቸው ሾርባ እያደሉ፣ ከሦስቱ የቱ እንደከበዳቸው ጠየቋቸው። ዋናተኛዋ ዋናው ነው አለች፤ ባለቤታቸው ሩጫው እንደሆነ በምስክርነት ተናገሩ፤ እኔ ኮረብታውን ጠረጠርኩ። ጋሼ ፍሬን እንደ ልማዳቸው ቆይተው መለሱ።

«ካልሲው» አሉ።

ከሐይቁ ወጥተው ብስክሌቱ ጋ ሲደርሱ፣ እግራቸው እርጥብ፣ ጣታቸው በብርድ የደነዘዘ፣ ካልሲ ማጥለቅ ነበረባቸው። ድመት ጆንያ ውስጥ የማስገባት ያህል ታገሉ። አንዱን አስገብተው ሲያዩት ተረከዙ ከላይ ሆኗል። አወለቁት። ሌላውን ሲጀምሩ ጣታቸው ተቆለፈ። ከኋላቸው የወጣ ሰው ሁሉ እየለበሰ፣ እየጋለበ ሄደ። ውድድሩን ትቼ ልሂድ ብለው ከልብ ያሰቡት የመጀመሪያው ጊዜ ያኔ ነው፤ አንድ ካልሲ በእጃቸው ይዘው።

አማታቸው ጭልፋውን አስቀመጡ።

«እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አልነበር እንዴ?» አሉ። «ጠርተኸኝ ቢሆን አለብስህ ነበር። ስንት ልጅ አልብሼ አሳድጌአለሁ።»

ጋሼ ፍሬን ነገሩ እንደማይቻል በትዕግሥት አስረዷቸው። ተወዳዳሪ ከውጭ ሰው እርዳታ ከተቀበለ ይሰረዛል፤ ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ለማንም አይላላም።

«አማት የውጭ ሰው ናት?» አሉ አሮጊቷ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለነው ሁላችን ወደ ጋሼ ፍሬን ዞርን። ጋሼ ፍሬን አሰቡ፤ ወደ ሚስታቸው አዩ፣ ከዚያ ምንም እርዳታ አልመጣም። በመጨረሻ ሰሐናቸውን አንስተው ለተጨማሪ ሾርባ አቀረቡ።